መነጽሬን ቤት ረስቼው ነው

(ለሰፈር የመማማሪያ ቡድኖች አስተባባሪዎችና በጎ ፈቃደኞች የተደረገ ንግግር። ከድምፅ ቅጂው ወደ ጽሑፍ ሲመለስ መንተባተቡ ብቻ ተቀንሷል።)

እንደምን ዋላችሁ! እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከኋላ ያላችሁ ይሰማችኋል? ያልተሰማችሁ እጃችሁን አውጡ። አይ፣ ካልተሰማችሁማ ይህንንም አልሰማችሁም። (ሳቅ) እሺ፣ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ።

በጥያቄ ልጀምር። «መነጽሬን ቤት ረስቼው ነው፣ እስቲ ይቺን አንብብልኝ» ተብሎ የማያውቅ አለ? አንድም ቀን ያልተባለ? የለም። ሁላችንም ተብለናል።

እኔ ጎረቤት ነበሩኝ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ። ለዓመታት ደብዳቤ ሳነብላቸው፣ ቅጽ ስሞላላቸው ኖሬያለሁ። ሁልጊዜ መነጽር ይረሳሉ። መነጽር አድርገው ግን አንድም ቀን አይቻቸው አላውቅም። እኔም ጅል ነገር፣ ገርሞኝ አያውቅም። በኋላ የሰፈር የመማማሪያ ቡድን ስንጀምር፣ በአራተኛው ሳምንት መጡ። ወንበር ላይ ተቀመጡና ቀስ ብለው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ መነጽር እንኳ ኖሮኝ አያውቅም።»

ይቺን ለማለት ስንት ዓመት ፈጀባቸው? እስቲ አስቡት። የተናገሯት እኮ ለመምህር አይደለም። ለጎረቤት ልጅ ነው።

በዓለም ላይ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ጎልማሶች ከ700 ሚሊዮን በላይ እንደሆኑ ዩኔስኮ ይናገራል። ከእነሱም ሁለት ሦስተኛው ያህል ሴቶች ናቸው። ቁጥሩ ትልቅ ነው፣ ያስደነግጣል። እኔ ግን ዛሬ ስለ 700 ሚሊዮኑ ለመናገር አልመጣሁም። ስለ አንዱ ጎረቤቴ ነው የመጣሁት። ሰውን ከፊደል የሚያርቀው ብዙ ነው፤ ድህነት አለ፣ ጦርነት አለ፣ የትምህርት ቤት መራቅ አለ፣ «ሴት ልጅ ተምራ ምን ልትሆን» የሚል አባት አለ። ያራቀው ምንም ይሁን፣ አድጎ እንዳይመለስ አንቆ የሚይዘው ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ! ይህን ቃል ያዙልኝ፣ ደጋግሜ እመጣበታለሁ።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ ስለ ወንበር። ሁለተኛ ስለ ጥያቄ። ሦስተኛ ስለ ቀረ ሰው። አራተኛ ደግሞ ገንዘብ የሚባል አለ፤ እሱን ሰዓት ከተረፈ። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፣ እንዳትደናገሩ።

እሺ፣ ወንበር።

በአሜሪካ፣ በሳውዝ ካሮላይና ጠረፍ፣ ጆንስ አይላንድ የሚባል ደሴት አለ። በ1950ዎቹ እዚያ የሚኖር ጥቁር ሰው ለመምረጥ መመዝገብ ከፈለገ ማንበብ መቻሉን ማሳየት ነበረበት። ከክልሉ ሕገ መንግሥት አንድ ክፍል እያነበበ ይፈተናል። ኢሳው ጄንኪንስ የሚባል ሰው ነበር። በአውቶቡሱ የደሴቱን ሰዎች ወደ ቻርልስተን ሥራ ያመላልሳል። በመንገድ ላይ ሕገ መንግሥቱን ያስጠናቸዋል። አንዷ ተሳፋሪ በቃሏ ያዘችው። በቃሏ! ማንበብ ግን አትችልም። «ማንበብ ብታስተምሩኝ ነበር የምፈልገው» አለች።

የጎልማሶች ትምህርት ከዚያ በፊት በደሴቱ ተሞክሮ ነበር። ሰው ግን አልቆየም። ለምን መሰላችሁ? ትልልቅ ሰዎችን፣ ገበሬዎችን፣ ዓሣ አጥማጆችን፣ የሕጻናት ወንበር ላይ ነበር የሚያስቀምጧቸው። ጉልበታቸው ከአገጫቸው ጋር እስኪገናኝ። ተሳቀቁ። ቀሩ።

ከዚያ ሃይላንደር የሚባል የጎልማሶች ማሰልጠኛ፣ ማይልስ ሆርተን ከሌሎች ጋር ሆኖ በ1932 ቴነሲ ውስጥ የመሠረተው፣ የቤት መግዣ ብድር ሰጣቸው። ከፊት ሱቅ ከፈቱ፣ ከኋላ ሁለት ክፍል ለትምህርት አደረጉ። ሱቁ ከነጮቹ ዓይን መከለያም ነበር። በጥር 1957 በ14 ተማሪዎች ተጀመረ። አስተማሪዋ ማን ነበረች? በርኒስ ሮቢንሰን። ፀጉር ሠሪና ልብስ ሰፊ ናት። መምህር አልነበረችም፤ የተመረጠችውም ስላልነበረች ነው። ሰውን ዝቅ አድርጎ የማየት የክፍል ልማድ የላትማ! ትምህርቱ በሳምንት ሁለት ማታ ነበር፣ የእርሻ ሥራ ቀዝቀዝ በሚልበት ወቅት። ከዚያች የኋላ ክፍል የተነሳው ነገር በአጭር ዓመታት የአሜሪካን ደቡብ አዳረሰ።

ይህን ታሪክ ከማወቄ በፊት እኔ ራሴ ያንኑ ስህተት ሠርቼዋለሁ። የመጀመሪያው ክፍላችን በውሰት ያገኘነው የሕጻናት ክፍል ነበር። ግድግዳው ላይ የዝሆንና የፊኛ ሥዕል አለ። ነጻ ነው ብለን ፈነደቅን። አንድ ግዙፍ ሰውዬ ነበሩ፣ ሸክም ሥራ ይሠሩ የነበሩ፣ እጃቸው አካፋ የሚያክል። ሁለት ቀን መጥተው «ሥራ በዛብኝ» ብለው ቀሩ። ሌሎችም ቀሩ። እኔ የትምህርት ፍቅር የላቸውም ብዬ ደመደምኩ። በሦስተኛው ሳምንት ጠመኔ ወድቆብኝ ሳነሳ እዚያች ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ቁጭ ስል ገባኝ። ከዚያች ወንበር ላይ ሆናችሁ ቀና ስትሉ፣ የቆመ ሰው ሁሉ አባታችሁን ያህል ይገዝፋል።

ወንበር ስላችሁ ብርሃንም ማለቴ ነው። ሰው 40 ዓመት አካባቢ ሲሆን ዓይኑ የቅርቡን ማየት እየከበደው ይሄዳል። ስለዚህ «መነጽር ረሳሁ» ከሚሉት መካከል የእውነት መነጽር የሚያስፈልጋቸው አሉ! እኛ ግን ሁለቱን አንለይም። አንዲት እናት «ረ» እና «ሪ» አልለይ አሏት፣ ሁለት ወር ሙሉ። ፊደሉ አልገባትም ብለን ነበር። አምፖሉን ቀየርን፣ ፊደሉን አስፍተን በወፍራም ማርከር ጻፍነው። በዚያው ማታ ለየቻቸው። ሁለት ወር ያለቀው በአምፖል ነው፣ ጎበዝ!

«ጎበዝ» ካልኩ አይቀር፣ ለትልቅ ሰው አታጨብጭቡ። አደራ። ስድሳ ዓመት የሞላቸው ሰው «ቤት» ብለው ስላነበቡ «ጎበዝዝዝ! አጨብጭቡላቸው!» ማለት የሕጻን ወንበር ላይ ማስቀመጥ ነው። «ልክ ነዎት፣ ቀጥሎስ?» ይበቃል።

ሁለተኛው ነጥቤ ጥያቄ ነው።

በርኒስ ሮቢንሰን መጀመሪያ የሕጻናት ትምህርት ቤት ማስተማሪያ ይዛ ነበር የሄደችው። አየችው፤ አይሆንም። ተወችውና ጠየቀቻቸው። ምን መማር ትፈልጋላችሁ? ስማችንን መጻፍ አሉ። የልጆቻችንን ደብዳቤ ማንበብ። የገንዘብ መላኪያ ቅጽ መሙላት። መጽሐፍ ቅዱስ። ሕገ መንግሥቱ። ያ ዝርዝር መማሪያ መጽሐፏ ሆነ።

በ1963 ደግሞ በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል፣ አንጂኮስ በምትባል ከተማ፣ ፓውሎ ፍሬሬ የሚባል ብራዚላዊ የጎልማሶች አስተማሪ 300 ያህል ሠራተኞችን በ40 ሰዓት ገደማ ትምህርት ማንበብና መጻፍ አስጀመረ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ በ40 ሰዓት አልሆነልኝም። የኔ ሰዎች ወራት ፈጅቶባቸዋል። ስለዚህ ቁጥሩ አያስጎምጃችሁ። መንገዱን ተመልከቱ። መጀመሪያ ሰዎቹ ቀን ከቀን የሚያወሩበትን ቃል ያጠናሉ። ለግንበኛ ጡብ። በፖርቱጋልኛ «ቲጆሉ» ይባላል። ስለ ጡቡ ያወራሉ፤ ማን ይሠራዋል፣ ማን ይኖርበታል፣ ሠሪው ራሱ ለምን ቤት የለውም? ከዚያ ቃሉን ይሰነጥቁታል። ከመጀመሪያው ክፍል «ታ፣ ቴ፣ ቲ፣ ቶ፣ ቱ» ይወጣል።

ምን ይመስላችኋል ይሄ? የኛው ፊደል እኮ ነው! ተ ቱ ቲ ታ ቴ ት ቶ። ፍሬሬ በወረቀት ቆራርጦ ያወጣውን ቤት እኛ ተሠርቶ አግኝተነዋል። ሳነበው ብቻዬን ሳቅሁ። በ1964 በብራዚል መፈንቅለ መንግሥት ሲደረግ ደግሞ ሰውየውን አሰሩት፣ ከዚያም ተሰደደ። ስለ ጡብ መጠየቅ ያስፈራል ማለት ነው።

ወደ ራሴ ልመለስ። አንዲት ሴት መጣች። እኔ ፕሮግራም አውጥቻለሁ። 33 ፊደል በሰባት ቤት፣ 231። ከሀ ሁ ጀምረን፣ በሳምንት ይህን ያህል፣ በዚህ ቀን ፐ ላይ እንደርሳለን። ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፣ በቀለም አስምሬ። ኮርቻለሁ! እሷ ሦስት ሳምንት ሀ ሁ ስትል ቆየችና «ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ?» አለችኝ። ስልኳን አወጣች። «ልጄ ስትደውል እሷ መሆኗን የማውቀው ስልኩን ካነሳሁ በኋላ ነው። ሳይነሳ እንዴት ይታወቃል?»

የልጅቷን ስም ልቀይረውና «ሰላም» እንበላት። ሦስት ፊደል። ሰ፣ ላ፣ ም። በኔ ፕሮግራም መሠረት እናትየው ሰ ላይ ለመድረስ ገና ብዙ ይቀራታል። ፕሮግራሙን ተውኩትና ሦስቱን በትልቁ ጻፍኩላት። ስልኩ ላይ ካለው ጋር እያስተያየች በጣቷ ተከተለችው። ከዚያ ሰን በእጄ ሸፈንኩት። «ላ... ም። ላም!» አለች። ላን ሸፈንኩት። «ሰ... ም። ሰም!» ሦስት ፊደል፣ ሦስት ቃል፣ አንዱ የልጇ ስም። አጠገቧ የነበሩት ሴቶች ስልካቸውን ማውጣት ጀመሩ። ሀ ሁ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ቆይታ ሁሉንም ተምራዋለች። ግን በየት በኩል ገባች? በልጇ ስም በኩል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። የመማማሪያ ቡድን ሲባል ፊደል ብቻ የሚመስለው አለ። አይደለም። ሂሳብ መያዝ፣ ስልክ መጠቀም፣ ሌላ ቋንቋ፣ መብትን ማወቅ፣ ሁሉም ይሆናል። በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ፣ ከ1928 ጀምሮ ሞዝስ ኮዲ የሚባሉ ቄስ ዓሣ አጥማጆችንና ገበሬዎችን በትንንሽ የጥናት ቡድን ያሰባስቡ ነበር። የጥናቱ ርዕስ «ለምን ደኸየን?» ነበር ማለት ይቻላል። ከጥናቱ የቁጠባና ብድር ማኅበር ወጣ፣ የራሳቸው የሎብስተር ማሸጊያ ወጣ። ሎብስተር ባታውቁትም ግድ የለም፣ እኔም በሥዕል ነው የማውቀው። ጥያቄው የነሱ ስለነበር መልሱንም የሠሩት እነሱ ናቸው።

አሁን ሦስተኛው። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ታገሱኝ።

ሰው ይቀራል። በየትኛውም ቡድን ሰው ይቀራል። የሥራ ፈረቃ ይቀየራል፣ ልጅ ይታመማል፣ ባል ወይም ሚስት «ካረጁ አይበጁ» ብለው ይቀልዳሉ። ትልቅ ፕሮግራም ውስጥ የቀረ ሰው ወረቀት ላይ «ቀ» ይሆናል። ሰፈር ውስጥ ግን ቤቱ ይታወቃል። በሩ ይንኳኳል። የሰፈር ቡድን ትልቁ ጉልበቱ ይሄ ነው እላለሁ። መጽሐፍም፣ ክፍልም፣ መምህርም ሌላ ቦታ ይገኛል። በር የሚያንኳኳ ግን ከየት ይመጣል?

ግን ሰፈር ሁለት ፊት አለው። በር የሚያንኳኳው ጎረቤት፣ ወሬ የሚያወራውም ጎረቤት ነው። አሁን የምነግራችሁን ለመናገር ብዙ ጊዜ ከብዶኛል።

አንዲት ሴት ነበረች። ዝምተኛ ናት። ከሁሉ ቀድማ ትመጣለች፣ በሩ አጠገብ ትቀመጣለች። እርሳስ ስትይዝ ጣቷ እስኪነጣ ትጫነዋለች፣ ወረቀቱ በጀርባው በኩል ይዳሰሳል። ስሟን ለመጻፍ ሰባት ሳምንት ፈጀባት። የጻፈች ቀን ደብተሩን ዘጋችው። ከፈተችው። ደግሞ ዘጋችው። አንዲት ቃል አልተናገረችም።

ከዚያ አንድ ሰው፣ በሳምንቱ፣ የሰፈሩ ሰው ለሌላ ጉዳይ በተሰበሰበበት፣ በደስታ ተነስቶ ተናገረ። «ቡድናችን ውጤት እያመጣ ነው! እሷን ተመልከቱ፣ ምንም ሳትችል መጥታ ዛሬ ስሟን ትጽፋለች!» ሰው አጨበጨበ። እሷ መሬት መሬት አየች። ለባሏ ቤተሰቦች ማንበብ እንደማትችል ነግራቸው አታውቅም ነበር። አብረዋት የሚሠሩት አያውቁም ነበር። በዚያች ማጨብጨብ ሁሉም አወቁ።

ያ ሰው እኔ ነኝ።

ሦስት ጊዜ ቤቷ ሄድኩ። ሦስቱንም ጊዜ በትሕትና ተቀበለችኝ። «ሥራ ነው፣ ሥራ በዛብኝ» አለችኝ። ደብተሯን መለሰችልኝ። አልተመለሰችም። እስከ ዛሬም አልተመለሰችም። ይህን የምነግራችሁ አዝኜ ላሳዝናችሁ አይደለም። እናንተም ሪፖርት ትጽፋላችሁ፣ እናንተም ፎቶ ታነሳላችሁ። ድጋፍ የሚሰጠው አካል «የስኬት ታሪክ አምጡ» ይላችኋል። የማን ታሪክ ነው? ባለቤቱን ጠይቃችኋል? ከመነሳቱ በፊት ጠይቃችኋል?

ከዚያ ወዲህ ሦስት ነገር ቀየርን። ክፍል ውስጥ የሆነ ክፍል ውስጥ ይቀራል፤ ይህን በመጀመሪያው ቀን እንነጋገራለን፣ ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው የሚወስኑት። ማንም ሳይፈልግ ሰሌዳ ላይ አይወጣም፣ ጮክ ብሎ አያነብም። ሦስተኛው፣ ሁሉም ጥንድ አለው። ጥንዱን የሚመርጠው ራሱ ነው፤ አንዳንዱ የቅርብ ጎረቤቱን ይሸሻል፣ ሸሸህ አይባልም። ሰው ሲቀር የሚሄደው እኔ አይደለሁም፣ ጥንዱ ነው። ሲሄድም «ለምን ቀረህ?» አይልም። ያመለጠውን ወረቀት ይዞ ይሄዳል። «ይሄ ያንተ ነው፣ አስቀምጬልሃለሁ» ይላል። አለቀ። ልዩነቱ ይገባችኋል? «ለምን ቀረህ» ሰበብ ይጠይቃል። ወረቀቱ ግን ቦታህ አለ ይላል።

ስለ ሰዓትም እዚሁ ላንሳ። ለሴቶች የሚመች ሰዓት የቱ ነው? እኔ አላውቅም። እናንተም አታውቁም። እነሱን ጠይቁ። እኛ ማታ አንድ ሰዓት ብለን ነበር፤ በዚያ ሰዓት ማን ቤት ውስጥ ሥራ እንደሚበዛበት አስቡት። ልጅ ይዘው ይምጡ ስንል ደግሞ ክፍሉ ተንጫጫ። መጨረሻ ላይ አንድ ጡረታ የወጡ አባት «ልጆቹን ለኔ ስጡኝ» አሉ። ጥግ ላይ ምንጣፍ አንጥፈው ተረት ያወሩላቸዋል። አንዳንዴ እናቶቹም ትምህርቱን ትተው ተረቱን ያዳምጣሉ። እኔም ጭምር።

ሰዓት ስንት ነው? እሺ፣ ገንዘብ። በአጭሩ።

በስዊድን ኦስካር ኦልሰን የሚባል ሰው በ1902 ሉንድ ከተማ የጥናት ቡድን ጀመረ። ከመጠጥ መታቀብን በሚሰብክ ማኅበር ውስጥ ነው። መምህር መቅጠር ውድ ነበር። መጽሐፍ ይገዛሉ፣ ተሰብስበው ያነባሉ፣ ይከራከራሉ። አንብበው ሲጨርሱ መጽሐፉ ለማኅበሩ ቤተ መጻሕፍት ይሆናል። ከ1912 ጀምሮ መንግሥት ለመጽሐፍ መግዣ መርዳት ጀመረ። በፈረንሳይ ቱሉዝ ደግሞ በ1973 ለጡረተኞች የሚሆን «የሦስተኛው ዕድሜ ዩኒቨርሲቲ» ተጀመረ። በኋላ እንግሊዞች ወሰዱትና ፕሮፌሰሮቹን አስወጡ። አባላቱ እርስ በርስ ይማማራሉ፤ የሂሳብ ሠራተኛ የነበረው ሂሳብ፣ አትክልተኛ የነበረው አትክልት። መማማር! ቃሉ ራሱ ያምራል እኮ።

ስለዚህ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም የሚል ሰው ይመጣል። ግማሽ እውነቱን ነው። ደብተር፣ እርሳስ፣ አምፖል፣ ይገኛል። ግን የበጎ ፈቃደኛን ጉልበት በነጻ የተገኘ አድርጋችሁ አትቁጠሩ። ጎበዝ አመቻች አይታችኋል፣ በዓመቱ ሲደክም። በእግሩ ይመጣል፣ ከኪሱ ፎቶ ኮፒ ያደርጋል፣ አንድ ቀን ይጠፋል። ሰው ሲቀር በር እናንኳኳለን እንላለን፣ አመቻች ሲቀር ማን ያንኳኳል? ለአንድ ቡድን ሁለት አመቻች መድቡ። ቢያንስ መጓጓዣውን ክፈሉ። ገንዘብ ካገኛችሁ መጀመሪያ ለዚህ፣ ባነርና ቲሸርት ኋላ ይደርሳል። (ጭብጨባ) እንዴ፣ ለቲሸርት ነው ያጨበጨባችሁት? (ሳቅ)

ጨርሻለሁ። አንድ ነገር ብቻ። በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ወረቀት አለ። በአንዱ ላይ ማመቻቸት የምትፈልጉ ስማችሁንና የሚመቻችሁን ሰዓት ጻፉ። በሌላው ላይ መማር የምትፈልጉትን ጻፉ፣ የምትፈልጉትን ብቻ፣ ስም አያስፈልግም። እኔ እዚያው እቆማለሁ። መነጽር የረሳ ካለ ጠጋ ይበልና በጆሮዬ ይንገረኝ፣ እጽፍለታለሁ። አልጠይቅም።

እግዜር ይስጥልኝ።